ፊቷን ለውርጭ አልሰጠችም

«ውርጭ መጣ ይሉኛል፣ በረዶ ወረደ፣
እምም... እምምም... መንገድ የለመደ።»

ፀዳለ ይህችን ዜማ የምታንጎራጉረው አልጋ ስታነጥፍ ነው። መሃሏ የለም። የመጀመሪያውን ስንኝ ሙሉውን ታውቀዋለች፤ የሁለተኛውን ግን ጅራቱን ብቻ። መሃሉ ላይ ስትደርስ ከንፈሯን ገጥማ በአፍንጫዋ ታልፈዋለች፣ የተሰበረ ድልድይ ዘሎ እንደሚሻገር ሰው። ከማን እንደሰማችው አታስታውስም። ባሏ ኃይሉ በሕይወት ሳለ፣ «ሙሉውን ሳልሰማ እንዳልሞት» እያለ ይቀልድባት ነበር። ሳይሰማ ሞተ።

አሜሪካ፣ አሌክሳንድርያ ውስጥ፣ ከኪንግ ስትሪት ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ አንድ ሆቴል፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሰው አልጋ አንጥፋለች። በዲቪ በመጣች በሦስተኛው ወር የያዘችው ሥራ ነው። ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ ባቡር ትነሣለች፣ መሃል ከተማ ላይ ወደ ቢጫው ትቀይራለች፣ ባቡሩ ወንዙን ሲሻገር ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ውሃውን ታያለች። በቀን አሥራ አራት ክፍል። አንሶላ መግፈፍ፣ አንሶላ ማልበስ፣ ሽንት ቤት፣ መስተዋት። በረኪናው የመዳፏን መስመር አጥፍቶታል። «መዳፍ የሚያነብ ጠንቋይ እኔ ጋ ቢመጣ ሥራ ፈትቶ ይሄዳል» ትላለች።

ከሥራዋ ሁሉ የምትወደው ግን አንድ ነገር ነበር፤ የመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ። ሴት እንግዶች ጠርሙሶቻቸውን እዚያ ይደረድራሉ። የሰው ዕቃ አይነካም፣ ለማጽዳት ግን ይነሣል። ፀዳለ አንድ በአንድ አንሥታ፣ ሥሩን ወልውላ፣ በነበረበት ተራ ትመልሰዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለች የጠዋቱን ከማታው፣ የዓይን ሥሩን ከአንገቱ መለየት ተማረች። ዛሬ ከዴንቨር መጥታ ነገ ወደ ለንደን የምትበር ሴት፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ፣ ፊቷን ግን ሳትረሳ! «ይቺ ምን ዓይነት ሴት ናት?» ትላለች ለብቻዋ። ከዚያ መስተዋቱን ስትወለውል የራሷን ፊት ታገኘዋለች። በጉንጮቿ ላይ ማዲያት እንደ ፈሰሰ ሻይ ተኝቷል።

ኃይሉ የታክሲ ሹፌር ነበር። ኩላሊቱ ከታመመ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ይተኛል። ሕመሙ ቆዳውን አደረቀው፣ አሳከከው፤ ሌሊት በጥፍሩ ሲፍቅ ድምፁ ይሰማ ነበር። እናም ፀዳለ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ከግንባሩ እስከ ተረከዙ ቅባት ቀባችው። ጉንጩን፣ የጆሮውን ጀርባ፣ የጣቶቹን መሃል። «ሙሽራ አደረግሽኝ እኮ» ይላታል። በፈረንጆቹ 2013 ግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ቀብታው ወጣች። ስትመለስ በሕይወት አልነበረም። ፊቱ ግን ገና ወዝ ነበረው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የኃይሉ ታላቅ እህት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከአሌክሳንድርያ መጡ። ወንድማቸውን በእናት እግር ሆነው ያሳደጉ ናቸው፤ በዚህ አገር ፀዳለና ልጇ ሩሃማ ዘመድ የሚሉት እርሳቸውን ብቻ ነው። ዓመት በዓሉ ሁሉ እርሳቸው ቤት ነው የሚውለው። ለፀዳለ ጥቁር ቀሚስ ይዘው መጥተው፣ በገዛ እጃቸው አለበሷት።

«ሙት ዓመቱ እስኪደርስ ይህ አይወልቅም» አሏት። «ቅባትም አይነካሽም። ፀጉርሽንም፣ ፊትሽንም። የወንድሜን ሐዘን ሰው ከፊትሽ ላይ ያንብበው።»

ፀዳለ እሺ አለች። ሐዘኑ የእርሷም ነበረ። ሰኔ አለፈ፣ መስከረም አለፈ። ኅዳር ላይ ብርዱ ሲገባ ጉንጯ ተሰነጠቀ፤ ስትስቅ የሚደማ ፊት ሆነ። መሳቅ ተወች። አንድ ቀን ክፍል ስታጸዳ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች አንሥታ፣ ወልውላ፣ መልሳ ስታስቀምጥ ቀና ብላ መስተዋቱን አየች። የሞተው ሰው ፊት እየወዛ ተቀበረ፤ በሕይወት ያለችው ደርቃለች።

ሂክማ የሐረር ልጅ ናት፣ እዚያው ሆቴል ላውንድሪ ክፍል ትሠራለች። ከፀዳለ ጋር ምሳ የሚበሉት ከማድረቂያው ማሽን ጀርባ፣ ሙቀቱ ዘንድ ነው። በዚያ ሳምንት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ሮክቪል ከቻይናዎች ግሮሰሪ በር ላይ ገንጥላው ነበር። የበረዶ ከተማ ሥዕል አለበት።

«ፀዲዬ፣ ቻይና እንሂድ። የግሩፕ ቱር ነው፣ ከበረራው ሌላ አሥር ቀን። በብርድ ስለሆነ ማንም አይሄድም፣ ረክሷል።»

«ቻይና ማን አለን?»

«ማንም የለንም። ለዚህ እኮ ነው የምንሄደው።»

ፀዳለ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እውነት ነበር። በሕይወቷ አውሮፕላን የተሳፈረችው ወይ ለለቅሶ፣ ወይ ለሠርግ፣ ወይ ለስደት ነው። ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳያገባ የሄደችበት አገር የለም።

«ቀኑ መቼ ነው?» አለች።

«ከፈረንጅ ገና ማግስት እስከ የእናንተ ገና ዋዜማ።»

«ጾም ነዋ።»

«እንግዲህ አንቺ ትጾሚያለሽ፣ እኔ አሳማ እሸሻለሁ፤ ሁለት ሆነን አንድ ሰሐን ሩዝ እንጨርሳለን።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ወሬውን የሰሙት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ፀዳለን ገለል አደረጓት።

«ሐዘንተኛ በሀገር ጉብኝት! ኃይሉ አፈሩ ሳይደርቅ!»

«አፈሩማ ደርቋል፣ እትዬ ተናኜ። እኔም አብሬው ደረቅሁ።»

«ሂጂ። ሄደሽ ግን ፊትሽን ቀባብተሽ ብትመለሺ፣ ለገና ቤቴ እንዳትመጪ። ሙት ዓመቱንም ያለ አንቺ አወጣዋለሁ።»

ቀላል ቃል አልነበረም። የባልን ሙት ዓመት ከደጅ ቆሞ ማየት ማለት፣ በሰው ፊት ከሚስትነት መሰረዝ ማለት ነው። ፀዳለ ያን ማታ ጥቁሩን ቀሚስ እንደለበሰች አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብዙ አሰበች። ጠዋት ለሂክማ ኮል አደረገችላት።

«ስሜን አስገቢው።»

ሻንጣውን ሩሃማ አዘጋጀች። ትናንሽ ጠርሙሶች ገዝታ፣ በላስቲክ ከረጢት አድርጋ፣ እንደ ነርስ አስረዳቻት። «ማሚ ሊስን፣ ይኼ ለሞርኒንግ፣ ይኼ ለናይት። ኤርፖርት ላይ ትልቅ ጠርሙስ ይወስዱብሻል፣ ኦኬ?» የከንፈር ቅባቱን ግን ፀዳለ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ወተትና ማር ይላል። ወተት! በጾም ወተት ከንፈሯን ሊነካ! ልጇ ዘወር ስትል አውጥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በምትኩ ሻንጣው ሥር፣ በሹራብ ጠቅልላ፣ አንድ ብልቃጥ ለጋ ቅቤ አስቀመጠች። በልጅነቷ በአገሯ በውርጭ ጊዜ እናቷ ጉንጯን የምታብሰው በዚህ ነበር፤ ጠርሙስ ሁሉ ቢያልቅ ቅቤ አያሳፍርም። ጥያቄው ሌላ ነበር። በስልክ የንስሐ አባቷን ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ በጾም ቅቤ ይቻላል?»

«ምን?!»

«ለመብላት አይደለም። ለፊት ነው። ሐኪም አላዘዘውም፣ ለብርዱ ነው።»

የአባ መቁጠሪያ ሲንቀጫቀጭ ይሰማታል። «ጉንጭ አይበላም» አሉ በመጨረሻ። «ከንፈርሽ ላይ ግን እንዳይደርስ።»

ቤጂንግ ሲደርሱ ጋይዷ ሊሊ የምትባል ቀጭን ልጅ ነበረች። ለሃያ ሁለቱም ተጓዦች አንድ ዓይነት ቀይ የሹራብ ቆብ አደለች፤ በሕዝብ መሃል እንዳይጠፉባት ነው። «አታውልቁ» አለች፣ «ቆብ ያወለቀ የኔ ሰው አይደለም።» ፀዳለ ቆቡን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። ደም የመሰለ ቀይ። ከጥቁር ቀሚሷ፣ ከጥቁር ካፖርቷ በላይ አጠለቀችው። ሂክማ አይታ ሳቀች፤ «አናቱ የነደደ ክብሪት መሰልሽ!»

በመጀመሪያው ጠዋት ሂክማ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ፀዳለን አልጋቸውን አንጥፋ ጨርሳ፣ የትራሱን ጫፍ እያስተካከለች አገኘቻት። እያንጎራጎረች ነበር።

«አንቺ! ክፍያ ልትጠይቂ ነው? ተይው እንጂ!»

«እጄ ነው» አለች ፀዳለ አፍራ።

«እጅሽን እሠሪው!»

ከዚያ ፀዳለ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባች። የልጇን ጠርሙሶች በመደርደሪያው ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው፤ የጠዋቱ በስተቀኝ፣ የማታው በስተግራ። ወደ ኋላ ሄድ ብላ አየቻቸው። አንዲት ሴት፣ ይህቺው እንደ እርሷ ያለች፣ በኋላ መጥታ አንድ በአንድ እያነሣች ሥሩን ትወለውለዋለች። ፀዳለ ማስታወሻ አልጻፈችም፣ ቋንቋውን አታውቅም፤ ፎጣዎቹን ግን ሥራ እንዲቀልላት አንድ ላይ ሰብስባ ሄደች።

ምግቡ ፈተና ነበር። የሚሽከረከር ክብ ጠረጴዛ፤ ዳክዬው ዞሮ ይመጣል፣ ዓሣው ዞሮ ይመጣል፣ እንቁላሉ ዞሮ ይመጣል። ፀዳለ እጇን አጣጥፋ ሲያልፍ ታየዋለች፣ እንደ ጎረቤት ሠርግ። ሊሊ በቻይንኛ አንድ ወረቀት ጻፈችላት፤ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። ፀዳለ በየምግብ ቤቱ ስታሳየው አስተናጋጆቹ ጥቁር ልብሷን ያዩና፣ ወረቀቱን ያዩና፣ እጃቸውን ገጥመው ጎንበስ ይላሉ።

«ምን ሆነው ነው?» አለች።

ሊሊ ሳቀች። «መነኩሲት መስለሻቸዋል።»

ሂክማ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። «አሌክሳንድርያ ዓለመኛ ተባልሽ፣ ቤጂንግ መነኮስሽ!»

ስምንተኛው ቀን ሃርቢን ገቡ። ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት። እስትንፋስ ከአፍ ሲወጣ ይረጋል፣ ሽፋሽፍት እርስ በርሱ ይያያዛል። ሊሊ አስጠንቅቃ ነበር፤ ጠዋት ፊታችሁን በውሃ አትታጠቡ፣ ውሃነት ያለው ክሬም ተቀብታችሁ ወዲያው አትውጡ። ያልሰሙ ነበሩ። የበረዶው ከተማ ደጃፍ ሳይደርሱ ጉንጫቸውን ይዘው ወደ አውቶቡሱ የሮጡ ነበሩ። ፀዳለ የልጇን ጠርሙሶች ለዚያ ቀን አሳረፈቻቸው። ሆቴል ውስጥ ብልቃጧን ከፍታ፣ ቅቤውን በመዳፏ አሙቃ፣ ቀስ አድርጋ ቀባችው፤ ግንባሯን፣ ጉንጮቿን፣ የጆሮዋን ጀርባ። እጇ መንገዱን ያውቀዋል፤ ሦስት ዓመት የሄደበት ነው። ለኃይሉ እንደምታደርገው በአውራ ጣቷ ቅንድቧን ስታብስ እንባዋ መጣ። በቅቤው ላይ ተንሸራቶ ወረደ፣ ፊቷን አላረጠበውም። ከንፈሯ ጋ ስትደርስ እጇን መለሰች።

ከበረዶ የተሠራ ከተማ! ግንቡ በረዶ፣ ደረጃው በረዶ፣ በውስጡ መብራት፤ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቢጫ። ፀዳለ መሃሉ ላይ ቆማ ቀና አለች፣ ከወራት በኋላም ሳቀች። ጉንጯ አልደማም። ሂክማ ያን ጊዜ ነው ፎቶ ያነሣቻት። በቫይበር ለሩሃማ ላከችው፤ ሩሃማ ደግሞ ደስ ብሏት፣ ምንም ሳታስብ፣ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። «ማይ ማም ኢዝ ግሎዊንግ» ብላ።

በማግስቱ ስልኳ ጮኸ።

«ፊትሽ ያበራል» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ። ሰላምታ አልነበረውም። «በምንድን ነው?»

«በቅቤ።»

«በጾም! ቀዩንስ? ጥቁርሽን ጥለሽ በቀይ ቆብ?»

ፀዳለ ቆቡ የጋይዷ ነው፣ ማንም እንዳይጠፋ ለሁሉም የታደለ ነው ማለት ትችል ነበር። ከሥሩ ጥቁሩ ቀሚስ እንዳለ፣ ስምንት ቀን ሙሉ ከሩዝና ከጎመን በቀር እንዳልቀመሰች፣ ሰው መነኩሲት ብሎ እንደሚሰግድላት መናገር ትችል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ሂክማ ከጎኗ «ንገሪያት እንጂ!» እያለች ክንዷን ትቆነጥጣለች።

«ቀይ ነው፣ እትዬ ተናኜ» አለች ፀዳለ። «አምሮብኛል?»

ስልኩ ተዘጋ።

«ምን ነካሽ? ለምን አልነገርሻትም?» ሂክማ ጮኸች።

«ቆቡ የሰው ነው ብዬ ከለመንኳት፣ ፊቴም የሰው ነው ማለት ነው» አለች ፀዳለ። ከዚያ በበረዶው መንገድ ላይ መራመድ ጀመረች። ጫማዋ ሥር በረዶው ይንኮሻኮሻል። ሳታስበው ያቺን ዜማ ጀመረችው፤ እምም ላይ ደረሰች፤ አፏ አልተገጠመም።

«ውርጭ መጣ ይሉኛል፣ በረዶ ወረደ፣
ፊቱን አያዞርም መንገድ የለመደ።»

ቆመች። የድሮው ቃል ይህ ይሁን፣ ወይስ አሁን ከራሷ የወጣ፣ ማን ያውቃል? ልክ ገባ። «ሰማህ?» አለች ወደ ሰማይ።

ያን ሳምንት ከሰሜን የወረደ ብርድ አሜሪካንም ይዟት ነበር። በረራዎች ተሰርዘው መሃል መንገድ አንድ ኤርፖርት ወንበር ላይ አደሩ። ፀዳለ ዱለስ ኤርፖርት የደረሰችው ማክሰኞ፣ ገና ዕለት፣ ቀትር ላይ ነው። ሰው ሁሉ ከጠዋት ፈስኮ ነበር፤ እርሷ ግን ሂክማ የገዛችላትን ሳንድዊች እምቢ ብላ መልሳለች።

«የገና ምግቤን የምበላበትን ቤት አውቀዋለሁ።»

«አትምጪ ተብለሻል እኮ።»

«አትብዪ አልተባልኩም።»

አሌክሳንድርያ፣ ወይዘሮ ተናኘወርቅ በር ላይ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ደወለች። የከፈተችላት ሩሃማ ናት። «ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ!» አለች፣ ወደ ኋላዋም በፍርሃት ዞረች። ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። ጠረጴዛው ላይ ዶሮው፣ አይቡ፣ እንጀራው። በሌሊቱ ብርድ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው ሁሉ ጉንጩ ነጥቷል፣ አፍንጫው ተልጧል። በመሃላቸው ፀዳለ፣ ቀይ ቆቧን እንዳደረገች፣ ፊቷ ጥርት ብሎ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«እንኳን አደረስዎ፣ እትዬ ተናኜ።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ጥቁር ለብሰዋል፤ የራሳቸው ጉንጭ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። «አትምጪ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል። ሰምቻለሁ። መጣሁ።»

«እንዲህ እያበራሽ?»

«እንዲህ እያበራሁ። ወንድምዎን ሦስት ዓመት በዚህ እጄ ቀብቻለሁ። በሞተበት ጠዋት እንኳ ሳልቀባው አልወጣሁም፤ ሲገንዙት እርስዎም አይተዋል፣ ፊቱ ወዝ ነበረው። ያ እጅ የእኔን ፊት ቢነካ ኃይሉ አያፍርም። ሙት ዓመቱንም አወጣለሁ፤ ከእርስዎ ጋር ወይም ለብቻዬ። ጥቁሬ ይኸው። ፊቴ ግን የእኔ ነው።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ መነጽራቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱና አተኩረው አዩዋት። ከጉንጯ ወደ አፏ ወረዱ። ከንፈሯ ተተርትሮ፣ ደም ደርቆበት፣ በመሃሉ ጥቁር መስመር ሠርቶ ነበር።

«ከንፈርሽ ምን ሆነ?»

«ጾም ነበር።»

«ፊትሽን በቅቤ፣ ከንፈርሽን በባዶ?»

«አባ የፈቀዱልኝ እስከ ጉንጭ ነው።»

ከወደ ማዕድ ቤቱ በር አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው በሳል ሸፈነው። ወይዘሮ ተናኘወርቅ አልሳቁም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት፣ መልሰው አደረጉት። «ይቅር» አላሉም። «ግቢ»ም አላሉም።

ፀዳለ አልጠበቀችም። ከግድግዳው ጋር ተደግፈው የቆሙ የእድር ተጣጣፊ ወንበሮች ነበሩ፤ አንዱን አንሥታ በእግሯ ዘረጋችው። ጠረጴዛው ዘንድ ሁለት ሰዎች ሸሸት አሉላት። ካፖርቷን አወለቀች። ቆቡን አላወለቀችም። ከአሥር ቀን የሚሽከረከር ጠረጴዛ በኋላ፣ ተቀመጠች።

«ምን ታያላችሁ?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ድንገት፣ ወደ ማንም ሳያዩ። «ሰው ከመንገድ መጥቶ በደረቁ ይቀመጣል? እጇን አስታጥቧት እንጂ!»

ሩሃማ ማስታጠቢያውን ይዛ ሮጠች። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ፀዳለ እጇን ታጠበች፣ እንጀራውን ቆረሰች፣ ከወጡ አጠቀሰች። በርበሬው የተሰነጠቀ ከንፈሯን ሲያገኘው ዓይኗ እንባ ሞላ። አልተወችውም። ዋጠች፣ ሁለተኛውንም ጎረሰች።